ስንተኛው ምት ላይ ነው ምድጃ የሚሆነው

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባና ፍልስፍና የሚባል ትምህርት ደረሰው። ደብተሩን አልጋዬ ላይ ወርውሮ "ይሄ ምን ያደርግልኛል? ደርግ ሲግታችሁ የነበረው አይደል እንዴ?" አለኝ። ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ደርግ ከወደቀ ወዲህ የዚያን ዘመን ነገር በሙሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ መጣል ፋሽን ሆኗል፤ ፍልስፍናም አብራ ተጠቅልላለች።

መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ከአሥረኛ ክፍል የተባረረ ሰው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ፍልስፍና ጥቅም ሲያስረዳ ሳስበው ለራሴም አሳቀኝ። ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። ንዴት ሲይዘኝ ወይ አወራለሁ ወይ እቀጠቅጣለሁ። ዛሬ የሚቀጠቀጥ ነገር አጠገቤ የለም፣ የሚሰማኝም የለም፣ ስለዚህ ልጻፈው። እኔ ፍልስፍና አስተምሬያለሁ። እውነቴን ነው። ምናለሽ ተራ፣ የተገለበጠ በርሜል ላይ ቆሜ፣ ቆርቆሮ ለሚቀጠቅጡ ሰዎች።

መጀመሪያ እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልናገር። ከትምህርት ቤት ያስወጣኝ አፌ ነው። የፖለቲካ ትምህርት አስተማሪያችን ሁልጊዜ ሲጨርስ "ጥያቄ ያለው?" ይላል። ማንም እጁን አያወጣም፣ እሱም ማንም እንደማያወጣ ያውቃል፣ ደወል ይደወላል፣ እንወጣለን። አንድ ቀን እጄን አወጣሁ። "ሁሉም ነገር ይለወጣል ካልን ይሄ የምንማረውስ መቼ ነው የሚለወጠው?" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። በሳምንቱ ወላጅ አምጣ ተባልኩ፣ በወሩ ደብተርህን ይዘህ ውጣ። እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን "አፍህን ሰፍቼ ልኬህ ቢሆን ኖሮ" አለችኝና ምሳዬን አቀረበችልኝ።

ከዚያ ምናለሽ ተራ ገባሁ። ለማያውቀው ሰው፣ ምናለሽ ተራ ማለት ከተማው የጣለው ዕቃ ሌላ ስም የሚያገኝበት የመርካቶ ጥግ ነው። በርሜሉ የከሰል ምድጃ ይሆናል፣ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮው ኩራዝ፣ ያለቀው የመኪና ጎማ በረባሶ። እኔ የገባሁበት መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ግራና ቀኙ ቆርቆሮ ቤት፣ በየደጃፉ አንድ ሰው፣ በየሰዉ እጅ አንድ መዶሻ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ይቀጠቀጣል። በዚያ ላይ ዓመታት ሲጨመሩበት ጆሮ ይደነዝዛል፣ ሰው ሁሉ በጩኸት ነው የሚያወራው። "ውሃ አቀብለኝ" ሲሉህ የሚሰድቡህ ይመስልሃል። የኔ ሥራ በርሜል ሰንጥቄ መዘርጋት ነበር።

ያኔ እያንዳንዱ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና የሚያዋጣው ልጅ አለ። ስም ዝርዝር ይወጣል። ዝርዝሩ አልሞላ ሲል መንገድ ዘግተው ከአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከሻይ ቤት ያፍሳሉ። አፈሳ ነው ስሙ፣ እንደ እህል። የሄደ ልጅ ደግሞ ሲመለስ አይተን አናውቅም፤ እናቱ ጥቁር ለብሳ ስናይ ነው የምናውቀው።

አንድ ቀን የምናለሽ ተራው ቀበሌ ሊቀመንበር አስጠራኝ። ወፍራም ሰውዬ ነው፣ በብርድም በሙቀትም ያልበዋል።

"ማንበብ ትችላለህ?"

"እችላለሁ ጓድ።"

"አፍ አለው ይሉሃል።"

"ይሉኛል።"

"ከበላያችን ያለው ከፍተኛ በየማኅበሩ የውይይት ክበብ ይቋቋም ብሎናል። የቆርቆሮ ሠሪዎቹ ማኅበር አስተማሪ አጥቷል። ትምህርቱ ፍልስፍና ነው። ታስተምራለህ ወይስ ስምህን እዚያኛው መዝገብ ላይ ላስፍረው?"

"ፍልስፍና እኮ አላውቅም።"

"መጽሐፉ ያውቃል" አለና ሽፋኗ ቀይ የሆነ ቀጭን መጽሐፍ ወረወረልኝ።

አንድ ወረቀትም ጨመረልኝ። "የክበቡ አስተማሪ ስለሆነ በቀበሌው ሥራ ይፈለጋል" ይላል፣ ከታች ክብ ማህተም። የሚሠራው ለአንድ ወር ነው። በየወሩ ይታደሳል፣ ማለት ሊቀመንበሩ ደስ ካለው። እሷን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን አይደለም ሰው የሚያየው፣ ኪሴን ነው።

ችግሩ ወረቀቷ የምትሠራው በኛ ቀበሌ ብቻ መሆኑ ነው። አስፋልቱን ተሻግሮ ተክለ ሃይማኖት በኩል ሌላ ቀበሌ ነው፣ የራሱ ኮታ አለው፣ በኛ ማህተም ጥርሱን ነው የሚፍቅበት። እናቴ ያለችው እዚያ ነው፣ በእግር አሥር ደቂቃ። ወደ ሶማሌ ተራ ብወጣም ያው፣ ጠባቂዎች መታወቂያ እያዩ ይቆማሉ። ስለዚህ አገሬ ያቺ መተላለፊያ ሆነች። በርሜል ማስቀመጫው ውስጥ ማደር ጀመርኩ። እናቴ በሁለት ቀን አንዴ ምሳ ዕቃ ይዛ ትመጣለች፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ስበላ ታየኛለች። "እስረኛ የምጠይቅ ነው የሚመስለኝ" አለች አንዴ። "እስረኛስ የሚፈታበትን ቀን ያውቃል" አልኳት። ያንን ባልል ይሻል ነበር።

ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያው ቀን አሥር ሰዓት ሲሆን መዶሻው ሁሉ ቆመ። ያን መተላለፊያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ፈራሁት። ሃያ ምናምን ሰው በርሜልና ጣሳ ላይ ተቀምጦ አፈጠጠብኝ። ከሥራ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ፣ አስተያየታቸው ደስ አይልም።

"ቁስ አካል ቀዳሚ ነው፣ ንቃተ ህሊና ተከታይ ነው" ብዬ አነበብኩ።

"ጮክ በል ፈላስፋው፣ እኛ ጆሮ የለንም" አለ አንዱ ከኋላ።

ጮህኩ። ቁስ አካል ቀዳሚ መሆኑን ቅመም ተራ ድረስ ሳይሰሙ አይቀሩም።

በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ስለ ለውጥ ደረስን። መጽሐፉ የሚለው፣ ትንንሽ የመጠን ለውጦች እየተጠራቀሙ ሄደው በዝላይ የዓይነት ለውጥ ይሆናሉ ነው። ምሳሌውም ውሃ ነው፤ ትሞቃለህ ትሞቃለህ፣ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ እንፋሎት ነህ። አንብቤ ጨርሼ፣ እንደ ድሮው አስተማሪዬ "ጥያቄ ያለው?" አልኩ። ማንም እንደማያወጣ አውቄ ነው።

ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ሲቀጠቅጡ ያረጁ የከሰል ምድጃ ሠሪ ናቸው። ትንሽ ቁርአን ስለቀሩ ሰፈሩ "ሼህዬ" ይላቸዋል።

"መምህር፣ ውሃስ ሲፈላ ይታያል፣ ይንፈቀፈቃል። እኔ በርሜል እመታለሁ። ስጀምር በርሜል ነው። ስጨርስ ምድጃ ነው። ስንተኛው ምት ላይ ነው ምድጃ የሆነው?"

መጽሐፉን ገለጥኩ፣ ገጽ ወደፊት፣ ገጽ ወደኋላ። "በዝላይ ነው ይላል ሼህዬ።"

"ስመታ ኖርኩ ልጄ፣ ዘሎ አያውቅም።"

መተላለፊያው በሳቅ ተናጋ። አፌ ለሁሉም ነገር መልስ አያጣም፤ ያን ቀን ግን ምንም ብፈልግ የለም። ብዋሽ ደግሞ እኚህ ሰውዬ መዶሻ ይዘው ነው የተቀመጡት፣ እዚያው ሞክረው ያሳዩኛል።

"አላውቅም" አልኩ።

ሳቁ ቆመ። እጄ ሳላዝዘው ደረት ኪሴ ላይ ሄደ። አላውቅም የሚል አስተማሪ ወረቀት አይታደስለትም፣ ይሄ ግልጽ ነው።

ሼህየው ግን ፈገግ አሉ። "አብሽር። እዚህ ሊያስተምረን የመጣ ሁሉ ያውቃል። የመሠረተ ትምህርቱም ያውቅ ነበር፣ የማኅበሩም ያውቃል። አላውቅም ያለኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ። ሐሙስ ትመጣለህ?"

"የት እሄዳለሁ ሼህዬ?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጽሐፉ አላዘዘም። ጥያቄዋ መተላለፊያውን ያዘችው። ሰው ከመዶሻው ጋር እየተጯጯኸ ሙሉ ቀን ይከራከራል። ሼህየው በርሜል ቆርጠው ሲጀምሩ ከፊታቸው ያለው ሳጥን ሠሪ ጎጃሜ አንገቱን ያወጣል፤ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ የነበረ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው።

"ሼህዬ፣ ሆነ እንዴ?"

"ገና።"

"አሁንስ?"

"አመዱ የት ሊወድቅ ነው? ገና።"

አንድ ከሰዓት አንዲት ሴትዮ ስታልፍ ቆም አለችና ያላለቀውን ብረት በጫማዋ ነካ አድርጋ "ይሄ ምድጃ ስንት ነው?" አለች። ጎጃሜው መዶሻውን ጣለ። "ሆነ በቃ። ሰው ስንት ነው ካለው ምድጃ ነው። ገበያ ላይ ነው ነገሩ የሚወለደው። እትዬ፣ ይባረኩ፣ የስንት ቀን ጭቅጭቅ ገላገሉን።" ሴትዮዋ ያበዱ መስሏት ፈጥና ሄደች።

ሼህየው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አልሆነም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ምድጃው የሆነው ከመጀመሪያው ምት በፊት ነው። እዚህ ነው የነበረው" ብለው ግንባራቸውን በጣታቸው መቱ። "ኒያው። ያሰብኩት። ምድጃ ብዬ ባላስብ ኖሮ የመታሁት ሁሉ የተጨማደደ በርሜል ነበር የሚሆነው።"

ማታውን ቀዩዋን መጽሐፍ ገልጬ አየሁ። አለች። ሐሳብ ይቀድማል የሚል አመለካከት ስም አለው፣ ሃሳባዊነት ይባላል፣ የበዝባዦች ፍልስፍና ነው ይላል፣ ጠላት ነው ይላል። ሼህየው በዝባዥ ናቸው። ያላቸው ንብረት አንድ መዶሻ፣ አንድ መቀስና ግማሽ ጆሮ ነው። በማግስቱ ጠጋ ብዬ "ሼህዬ፣ ይቺን የኒያ ነገር ውጭ እንዳያወሯት" አልኳቸው።

"ለምን?"

"መጽሐፉ ጠላት ነው የሚለው።"

"እንግዲያው መጽሐፉ ሳያስብ ምድጃ ሠርቶ ያሳየኝ" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እውነቱን ልናገር። እንደ በግ ታስሬ፣ እናቴን በደጃፍ እያየሁ፣ በየወሩ መጨረሻ ማህተም እየለመንኩ፣ ያቺ ክርክር ነበረች ሰው መሆኔን የምታስታውሰኝ። ጠዋት ስነሳ ስለ አፈሳ ሳይሆን ስለዚያ ምድጃ ሳስብ ራሴን አገኘዋለሁ። ለትንሽ ደቂቃ። ከዚያ ወረቀቷን እዳብሳለሁ።

ከዚያ ዜናው መጣ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከከፍተኛው ካድሬ መጥቶ ክበቦችን ይፈትናል። ሊቀመንበሩ ጠርቶኝ ተቀመጥ እንኳ አላለኝም። "ክበቡ ከወደቀ ወረቀትህን አላድስም። ይሄ ወር ደግሞ ኮታ ጎድሎብናል።" ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለም።

ለሰዎቹ ነገርኳቸው። አብዛኞቹ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያቺን መጽሐፍ ማንበብ ለነሱ ድንጋይ መፍጨት ነው። ጎጃሜው ግን ተነሳ።

"እናንተዬ፣ በቃል መያዝ ለኛ ምኑ ይከብዳል? እኔ ስንት ዓመት ለምኜ እየበላሁ ያጠናሁት በቃል ነው። ሼህዬም በቃል ነው። መጽሐፏን ወዲህ በላት።"

እንደዚያ ሆነ። ጎጃሜው መስመሩን ያወርዳል፣ ሃያው ሰው ይቀበላል። "ቁስ አካል ቀዳሚ ነው" ይላል፤ "ንቃተ ህሊና ተከታይ ነው" ይላል መተላለፊያው። በሳምንቱ እየተወዛወዙ ማለት ጀመሩ። በመዶሻ ምት ይይዟታል፣ ሁለት ምት "ቁስ አካል"፣ ሦስት ምት "ቀዳሚ ነው"። እንደ ውሃ ወረደች። የትምህርቱ መጨረሻ ላይ ሼህየው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። "አላህ ያግራልን። ይሄን ልጅም ለእናቱ ይተውላት።" እስላሙ "አሚን" ይላል፣ ክርስቲያኑ "አሜን" ይላል፣ ሁሉም ፊቱን በእጁ ይዳብሳል፣ ወደ ሥራ።

ማስቆም ነበረብኝ። አምላክ የለም የሚለውን ምዕራፍ በዱዓ ስንዘጋ ማንም ጤነኛ ሰው ማስቆም ነበረበት። ግን ዱዓው ለኔ ነው። ለኔ ብሎ እጁን የዘረጋ ሰው እኔ ብዙ የለኝም። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ላይ ብቻ "ነገ አሚን የለም" አልኳቸው። "የለም የለም" አሉ ሁሉም።

የአክስቴ ልጅ ደብተር ላይ ያየሁትም ይህንኑ የቃል ሽምደዳ ነው። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ ቢሆንም ይገባል፤ ከላይ ትርጉም፣ ከሥሩ ቁጥር አንድ ቁጥር ሁለት፣ በቀይ ስክሪብቶ "ለፈተና"። የኛ መጽሐፍ ናት፣ ሽፋኗን ነው የቀየረችው። እሱ ያንን ፍልስፍና ነው ብሎ ይጠላዋል። እኔም ብሆን እጠላዋለሁ።

ካድሬው የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ ከሠላሳ ብዙ የማያልፍ ሰው። ውጭ አገር ተምሮ መጣ ይላሉ። ሊቀመንበሩ ከኋላው እያላበው ቆሟል። መዶሻው ቆመ።

ጎጃሜው አወረደ፣ ሰዎቹ ተቀበሉ። አንዲት ቃል አልዘለሉም። ካድሬው ሲሰማ ቅንድቡ ወደ ላይ ሄደ፣ የሊቀመንበሩ ትከሻ ወደ ታች ወረደ። እኔ በሆዴ "አለቀ፣ ዳንኩ" እያልኩ ነው። የመጨረሻዋን መስመር ሲሉ ሼህየው አስታወሱ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አርገው ከንፈራቸውን ገጥመው ዝም አሉ። ሌሎቹ ግን ዱዓው የሚወድቅበትን ቦታ አካላቸው ያውቀዋል። ዝምታው የዱዓውን ያህል ቆየ፣ ከዚያ ሃያ ሰው በአንድ አፍ "አሚን" ብሎ ፊቱን ዳበሰ።

ለምንም ነገር አሚን አሉ። ለባዶ አየር።

ካድሬው መነጽሩን አወለቀ። "ይሄ ምንድነው?"

ጎጃሜው ቶሎ ገባበት። "ጓድ፣ ልማድ ነው። ሰው አንድ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ካለ በኋላ ዝም ብሎ መነሳት ይከብደዋል።"

"ማነው ያስተማራችሁ?"

እዚህ ጋ ነው የተያዝኩት። እኔ ነኝ ብል በፓርቲው ትምህርት ላይ አላገጥኩ ማለት ነው። እኔ አይደለሁም ብል ምንም አላስተማርኳቸውም ማለት ነው። በሁለቱም በር የአፈሳው መኪና ቆሞ ይጠብቀኛል።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ካድሬው ወደ ሼህየው ዞረ። "እርስዎ አሚን አላሉም። አይቻለሁ። እስቲ የተማሩትን በራስዎ ቃል ይንገሩኝ።"

"በራሴ ቃል?"

"በራስዎ።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሼህየው በራሳቸው ቃል ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

"በራሴ ቃልማ ጥያቄ ነው ያለኝ" አሉ። "ይሄን በርሜል እመታዋለሁ፣ ምድጃ ይሆናል። ስንተኛው ምት ላይ ነው የሚሆነው? ቁሱ ይቀድማል ትላላችሁ። እኔ ግን ሳስበው ምድጃው መጀመሪያ ያለው እዚህ ነው" ብለው ግንባራቸውን ነኩ። "ታዲያ የቱ ነው የቀደመው?"

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ካድሬው ሼህየውን ቆይቶ አያቸው፣ ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"አንተ ይሄን ሲጠይቁህ ምን መለስክላቸው?"

መልሱን አውቀዋለሁ። የትኛው ገጽ ላይ እንዳለም አውቃለሁ። "ጓድ፣ ይሄ ሃሳባዊነት ነው፣ የበዝባዦች ፍልስፍና መሆኑን አስረድቻቸዋለሁ" ማለት ብቻ ነው። ወረቀቷ ትታደሳለች። ሼህየው ደግሞ በሊቀመንበሩ መዝገብ ላይ ሌላ ስም ይወጣላቸዋል፣ ያ ስም ምን እንደሚያመጣ መርካቶ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ሰዎቹን አየኋቸው። ሃያው ሰው አፌን ያየዋል። ጎጃሜው ራሱን በጣም በቀስታ ወደ ታች ነቀነቀልኝ፣ "በላቸው፣ ግዴለም" ዓይነት። ሼህየው ግን አልነቀነቁም። መልሱን እየጠበቁ ነበር። ሰውዬው እኮ የምር ነው የጠየቁት።

"አላውቅም ነው ያልኳቸው" አልኩ።

"አሁንስ?"

"አሁንም አላውቅም ጓድ። እርስዎ የሚያውቁ ከሆነ ይንገሩን።"

የመጨረሻዋን አፌ ነው የጨመራት፣ እኔ አይደለሁም። ሊቀመንበሩ ደብተሩን ዘጋ። ካድሬው አፉን ከፈተ፣ "በዝላይ…" ብሎ ጀመረና ቆመ። መነጽሩን አደረገ። ዞሮ ሄደ።

ለወሩ መጨረሻ አራት ቀን ቀርቶ ነበር። ወረቀቴን ላሳድስ ሄጄ ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ጓድ ፈላስፋ፣ ትታደሳለች ወይ? አላውቅም" አለና ከጸሐፊው ጋር ሳቁ። ተመለስኩ። ጎጃሜው ከሚሠራቸው ሳጥኖች ትልቁን ከፍቶ "ግባ እስቲ፣ ልለካህ" አለኝ። ቀልድ ነው። ግን ሁለታችንም ሳጥኑን ትንሽ ቆየት ብለን አየነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ካድሬው መጣ። ብቻውን። ሊቀመንበር የለ፣ ደብተር የለ። እኔ ሳየው ሊወስደኝ ነው አልኩ። አላየኝም። ቀጥ ብሎ ሼህየው ጋ ሄዶ የዘይት ጣሳ ስቦ ተቀመጠ።

"እስቲ ይምቱ" አላቸው።

ሼህየው መቱ። የተዘረጋውን በርሜል ጠቀለሉ፣ ጫፉን አጠፉ፣ መቱ። ካድሬው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያየው፣ አፍንጫው መዶሻው ሊነካው።

"አሁን?"

"ገና።"

"አሁንስ?"

"አንተ ንገረኝ እንጂ። የተማርከው አንተ ነህ።"

ጠቅላላ መተላለፊያው መሥራት ትቶ ያያል። ካድሬው በጣቱ ይቆጥር ነበር፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ላይ "እዚህ ጋ" አለ። ከዚያ ራሱ ራሱን ነቀነቀ፣ "አይ" አለ። ሼህየው መዶሻቸውን አስቀመጡ። ያላለቀውን ብረት፣ ወገቡ የወጣ፣ ማቀጣጠያው ያልተቆረጠ፣ አንስተው ጭኑ ላይ አደረጉለት።

"ይዘኸው ሂድ። ቤትህ ከሰል ጨምርበት። ከነደደ ምድጃ ነው። ካልነደደ በርሜል ነውና መልሰው።"

ካድሬው ከልቡ ሊስቅ ነበር፣ አልሳቀም። ብረቱን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ተነሳ። በኔ አጠገብ ሲያልፍ ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ ፊቱን ወደኔ ሳያዞር "ነገና ከነገ ወዲያ ከዚህ እንዳትወጣ። ከውስጥ ሁን" አለኝ። ሄደ።

በማግስቱ አፈሳው የመርካቶን ዙሪያ ያዘው። በሶማሌ ተራ በኩል፣ በተክለ ሃይማኖት በኩል መኪና ቆሟል አሉ። እኔ በርሜል ማስቀመጫው ውስጥ ከበርሜሎቹ ኋላ ነኝ። ከውጭ ሩጫ ይሰማል፣ የሴት ጩኸት ይሰማል። ከዚያ አልሰማ አለኝ። መተላለፊያው በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ባለ በሌለ ኃይሉ መቀጥቀጥ ጀመረ። ሥራ አልነበረም፣ ድምፅ ነበር። ማንም መጥቶ "ልጅ አለ ወይ?" ቢል እዚያ ውስጥ ማን ይሰማዋል፣ ማንስ ይመልሳል፣ ጆሮ የሌለው ሰው ነው ሁሉም።

ሼህየው በሩን ገፋ አድርገው መዶሻና ተሰንጥቆ የተዘረጋ በርሜል አስገቡልኝ። "ዝም ብለህ ከምትፈራ ምታ። ቁጠርልኝም" ብለው በሩን ዘጉት።

መታሁ። እየቆጠርኩ መታሁ። የእግር ኮቴ የሰማሁ ሲመስለኝ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፣ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ እንደዚያ ነበርኩ። ምድጃው ጠማማ ሆኖ ወጣ፣ ስንተኛው ላይ እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ምሳ ዕቃዋን ይዛ መጣች። በሩን ከፍታ እኔን አየች፣ ምድጃውን አየች። ምድጃውን ይዛ ሄደች። እኔ እዚያው ቀረሁ። ወረቀት ስላልነበረኝ ከዚያች መተላለፊያ የወጣሁት መንግሥት ሲለወጥ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ማንም ሳያዘን መዶሻው ይቆም ነበር።

ካድሬው ያቺን ብረት አልመለሳትም። ነደደችለት አልነደደችለት፣ አላውቅም።